እኛ ጆንያ አይደለንም

የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ተድሮ ለጫጉላ ሽርሽሩ ዛንዚባር ሄደ። ይሂድ። ያገባ ሰው ደስ ያለው ቦታ ቢሄድ እኔን ምን ቸገረኝ። ደሜን ያፈላው በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም የላከልኝ ፎቶ ነው። ነጭ አሸዋ የለበትም፣ ሰማያዊ ባሕርም የለበትም። ሙሽራው ግንድ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ በሁለት እጁ ይዞ፣ አራስ ልጁን እንደታቀፈ አባት ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ቁንዶ በርበሬ እንዲህ ሐረግ ላይ እንደሚያፈራ ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር ወንድሜ። ከመኝታ ቤቴ መስኮት አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነው ያለው።

ሌላ ፎቶ መጣ። አስጎብኚው የቀረፋ ቅርፊት በጩቤ ልጦ ወደ ሙሽሪት አፍንጫ አስጠግቷል፤ እሷም ዓይኗን ጨፍናለች። ቀጠለ፦ እርድ ለሁለት ተሰብሮ ብርቱካንማ ሆዱ ይታያል። ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቫኒላ። መጨረሻ ላይ የድምፅ መልእክት፦ «ከሁሉም የወደድነው ይኼን ነው! ባሕሩስ ሁሉም ቦታ ያው ነው። ለሁለታችን በዶላር ነው የከፈልነው፣ ግን አይቆጭም።»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። ቁንዶ በርበሬው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «አሁን ይኼ ልጅ ይኼን ለማየት ነው ባሕር የተሻገረው? እዚህ መጥቶ ቢያርምልኝ በነፃ ያየው አልነበር?»

ሳቅኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

በዛንዚባር አልተናደድኩም። ዛንዚባርማ ትክክል ናት። ደሴት ሆና፣ ዓለም የሚጎመጀው ባሕርና አሸዋ ይዛ፣ እንግዳውን «ከውሃው ውጣና ና መንደሬን ላሳይህ» ትላለች። የቅመም እርሻዋን የጉብኝት ሸቀጥ አድርጋዋለች። ጆዛኒ የሚባል ጫካዋ ውስጥ ያሉትን ቀይ ጉሬዛዎች ለማየት ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል። ሲሪላንካም እንዲሁ ናት፤ ዙሪያዋን ባሕር ይዛ ከካንዲ ወደ ኤላ የሚወጣውን ባቡር፣ በሻይ ተክል መሀል የሚያልፈውን፣ ከባሕሩ ባልተናነሰ ትሸጠዋለች። የጃማይካን ሰማያዊ ተራራ ዓለም የሚያውቀው በባሕር ዳርቻ አይደለም፣ በቡና ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች «ከባሕሩ ራቅ በሉ» እያሉ እንግዳ ወደ ውስጥ ይጎትታሉ። ባሕር የሌለን እኛ ደግሞ ከውሃ ዳር አንነሳም።

እስቲ በእውነት እናውራ። አዲስ አበቤ «ልዝናና» ሲል የት ይሄዳል? ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ። ላንጋኖ፣ ሐይቅ። ሐዋሳ፣ ሐይቅ። ትንሽ ደፈር ያለው አርባ ምንጭ ይሄዳል፤ እሱም ሁለት ሐይቅ ስላለው ነው። ሐዋሳ ሲደርስ አሞራ ገደል ዓሣውን ይበላል፣ ከአባ ኮዳ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ ጀልባ ላይ ይወጣል፣ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት በዓል ያንኑ ይደግማል። ስሙ «ጉብኝት» ነው። እኔ ግን ምኑ እንደተጎበኘ አይገባኝም። ውሃው እንደሆነ ባለፈው ዓመት ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ከውሃ ዳር የተረፈው ጎብኚ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ የጣና ገዳማት። በእነዚህ ላይ አፌን አልከፍትም፤ ላሊበላን ሳያይ የሚሞት ኢትዮጵያዊ ያሳዝነኛል። ግን የአገሪቱ የጉብኝት ካርታ ከታተመ ጀምሮ ሠዓሊው ብሩሹን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያመጣ ቀለም የሚያልቅበት ለምንድን ነው? ካርታው ላይ ጅማ ድረስ መንገድ አለ፤ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ቀለም ብቻ። አረንጓዴው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።

አንድ ጊዜ ከምኖርባት ከቴፒ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ ላለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ደወልኩ። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎቹም ከእሱ የሚሻሉ አይመስለኝም። «ወደ ቴፒ የሚሄድ ፕሮግራም አላችሁ?» አልኩ። ልጅቷ ትሁት ናት፣ ድምፅዋ ማር ነው። «ቴፒ...» አለች፣ የሆነ ነገር ስታገላብጥ ይሰማኛል፤ «ይቅርታ፣ እዚያ ውሃ አለ?»

ውሃ አለ ወይ! እመቤቴ፣ ከሰማይ የሚወርደውን ብቻ ብነግርሽ ስልኩን አትዘጊውም ነበር። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ሐይቅም ከፈለግሽ፣ ከዚህ ወደ ሜጢ በኩል ጎደሬ ወረዳ ውስጥ ቢሻን ዋቃ የሚባል አለ፤ ስሙ በኦሮምኛ «የአምላክ ውሃ» ማለት ነው፣ ዙሪያውን ጫካ ለብሶ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ልነግራት ፈለግሁ፤ ነገር ግን ያናደደኝ ጥያቄዋ ራሱ ነው። ለምን ውሃ ይኑር? ሰው ለመደሰት የግድ እግሩን ማራስ አለበት?

ይህ በሽታ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ሁልጊዜ ወደ አንድ መፈክር እመለሳለሁ። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን ያንን ዝነኛ መፈክር ሲያወጡ፣ በእንግሊዝኛው ለዓለም የሸጡት 13 ወር ሙሉ ፀሐይ ነበር። ብልህ ሰው ነበሩ፤ ብርድ ያንቀጠቀጠው አውሮፓዊ የሚገዛው ፀሐይ መሆኑን ያውቃሉ። አማርኛው ግን ፀሐይ አይልም። «የ13 ወር ጸጋ» ነው የሚለው። እኔ ሁልጊዜ የምኮራው በአማርኛው ነው፤ ምክንያቱም በእንግሊዝኛው ከሄድን ቴፒ ከኢትዮጵያ ውጪ ናት! እዚህ ክረምቱ ሲወጣ በጋው ራሱ ጃንጥላ ይዞ ነው የሚገባው። የእኛ ጸጋ ዝናብ ነው። ቡናው ዝናብ ነው፣ ኮረሪማው ዝናብ ነው፣ ማሩ ዝናብ ነው። ፀሐይ ብቻ የሚሸጥ አገር ዝናቡን የት ያስቀምጠው? አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ያልፈዋል።

እንግዲህ አረንጓዴው ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከከተማ ወጥታችሁ ወደ ጫካው ጠርዝ ትደርሳላችሁ። ባጃጁ እስከሚችልበት ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በእግር ነው። ጉሙ ገና አልተነሳም። መጀመሪያ የምትሰሙት ወፍ ሳይሆን ጠብታ ነው፤ ዝናብ ባይኖርም ጫካው ለራሱ ይዘንባል፣ ሌሊት ያቆረውን ከቅጠል ወደ ቅጠል ያንጠባጥባል። ከላይ ቀረሮው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው ጣራ ሠርተዋል። ከሥር ቡና ነው። ማንም አልተከለውም፤ ወፍ ዘርቶት፣ ጦጣ ዘርቶት፣ በመስመር ሳይሆን እንደ ፈቀደው በቅሏል። ቀጫጫ ነው፣ ረጅም ነው፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን እንደ ግመል አውጥቷል። በካፌ ፖስተር ላይ የምታዩት ክብ ቁጥቋጦ አይደለም። ከቡናው ሥር ደግሞ ኮረሪማው ከመሬት እኩል ቀይ ፍሬውን ደብቆ ይቀመጣል፤ የሚያውቅ ሰው ካላሳያችሁ ረግጣችሁት ታልፋላችሁ። ጥምዝም እንደዚያው ነው። እናታችሁ ሚጥሚጣ ውስጥ የምትጨምረው ያ ጠመዝማዛ ቁንዶ፣ ሱቅ ውስጥ የተወለደ ይመስላችሁ ነበር አይደል?

ከዚያ አንድ ድምፅ ይመጣል። በጣራው ላይ ትልቅ ወንፊት የሚነፋ ሰው ያለ ይመስላል፤ ሁፍ፣ ሁፍ፣ ሁፍ። ቀና ስትሉ ምንቃሩ ላይ የራስ ቁር የደፋ ጥቁር ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ያልፋል። ክንፉ ነው እንደዚያ የሚጮኸው። ጉሬዛዎቹ በነጭ ካባቸው ቁጭ ብለው ቁልቁል ያዩአችኋል፣ ትኬት ስለማትጠየቁ እነሱም የማይከበሩ መሰላቸው መሰለኝ፣ ቅርንጫፍ ያራግፉባችኋል።

እና ቀና ስትሉ ቀፎውን ታያላችሁ። ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ረጅም ቀፎ፣ ሰው እንዴት ወጣበት በምትሉበት ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሟል። መዠንገሮች በዚህ ሥራ የሚስተካከላቸው ያለ አይመስለኝም። ሸካዎች ደግሞ «ኮቦ» የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ከተሜው ጫካ ሲያይ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል፤ ተሳስቷል። ይህ ቀፎ የሚሰቀልበት ድርሻ የእገሌ ነው፣ ከአባቱ ወርሶታል፣ ልጁም ይወርሰዋል። የሚወረሰው ግንዱን መቁረጥ አይደለም፤ ቀፎ መስቀል ነው። በጥበቃ ጣቢያና በሽቦ አጥር ሳይሆን በዚህ ነው ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው። ገተማ ሲያብብ የሚቆረጠውን ነጭ ማር የቀመሰ ሰው፣ ሱፐር ማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገውን ወርቃማ ነገር «ማር» ብሎ ለመጥራት ምላሱ ይተሳሰራል።

ይህ የእኔ የአገር ፍቅር ቅዠት አይደለም። ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካን በ2004 ዓ.ም.፣ የመዠንግርን በ2009 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ላይ አስፍሯል። የሸካው ብቻ 238,750 ሄክታር ነው። ሦስት የተያያዙ ደኖች፣ በሰባት ዓመት ውስጥ! ከአዲስ አበባ ወጣቶች መሀል አንዱን አቁሙና እነዚህን ሦስቱን ጠይቁት። የላንጋኖን ሪዞርቶች ግን ከነአልጋ ዋጋቸው ይዘረዝርላችኋል።

ከሁሉ ከሁሉ የማይገባኝ የቡናው ነው። ቡና ከእኛ ነው ብለን የማንፎክርበት መድረክ የለም። የፍየል እረኛውን ተረት ለፈረንጅ ሁሉ እናወራለን፤ ተረቱ በጽሑፍ የተገኘው ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1671 በታተመ መጽሐፍ መሆኑን እንኳ ሳናውቅ። እሺ፣ ተረቱን ተዉት። የጌሻን እውነተኛ ታሪክ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚህ ከእኛ ደቡብ ምዕራብ፣ ጌሻ ከሚባለው ጫካ ዘር ተለቅሞ ወጣ። ኬንያ ገባ፣ ታንዛኒያ ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፣ ከዚያ ፓናማ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ለውድድር አቀረበው፤ ዳኞቹ አበዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ1,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም! ዛሬ በሁለት ውቅያኖስ መሀል የተቀመጠች ፓናማ ጎብኚዋን ከባሕሯ አንስታ ቦኬቴ ወደሚባል ተራራዋ ታወጣዋለች፤ የእኛን የጌሻን ዛፍ ታሳየዋለች፣ በትንሽ ሲኒ ታቀምሰዋለች፣ ሂሳቡን ትቀበለዋለች። ዛፏ የስደተኛ ልጅ ናት፤ የእናትየው ቤት እዚህ ነው፣ የሚጠይቃትም የለም።

እኛስ ስማችን የት ይገኛል? ጆንያ ላይ። በቡና ገበያ «ቴፒ» የቡና ዓይነት ነው፣ «በበቃ»ም የቡና ዓይነት ነው። ከሚዛን ወረድ ብሎ ያለው የበበቃ እርሻ ወደ 10 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ይዞታ አለው፤ በለቀማ ወቅት ከመላ አገሪቱ የሚመጣው ሰው ራሱን የቻለ ከተማ ነው። አባቴም እንዲሁ ለአንድ ወቅት ለቀማ መጥቶ ነው እዚህ የቀረው፤ እናቴ «ቡናው አልቆ እሱ አላለቀም» ትላለች። ይህ ሁሉ ታሪክ፣ ይህ ሁሉ ዘፈን፣ በአሥር ቋንቋ የሚሰደበው ስድብና የሚመረቀው ምርቃት፣ ተፈልፍሎ፣ ተመዝኖ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ጭነቱ በየቀኑ ይሄዳል። ሰው ግን አይመጣም። የሚመጣው ባዶ ጆንያ ነው፣ እንደገና እንዲሞላ።

«ሩቅ ነው» ትሉኛላችሁ። ሩቅ ነው፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛንዚባር ስንት ነው?

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ራሳችን ላዙር፤ የቴፒ ሰው ሆይ፣ ገና አልጨረስኩም።

በቅርቡ አንድ አዲስ ሆቴል ገባሁ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ። ስሙን አልጠራም፣ ባለቤቱ ሰላም የምለው ሰው ነው። ብሎኬቱ ያበራል፣ መስታወቱ ሰማያዊ ነው። ጠረጴዛው ላይ አበባ አለ፤ ሳሸትተው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አበባ፣ ቴፒ ውስጥ! መሬቱ ላይ ዱላ ሰክታችሁ ብትረሱት ቅጠል በሚያወጣበት አገር! ቡና አዘዝኩ። አስተናጋጁ ልጅ በኩራት «የታሸገ ነው ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ» አለኝ። ጆንያው ሄዶ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ብልጭልጭ ወረቀት ለብሶ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ማሩም የታሸገ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ምን መሰላችሁ? የባሕር ዳርቻ። ዘንባባና ነጭ አሸዋ።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ስለ እኛ ምን ያውቃል? ጨሞ የሚባል ነገር እንዳለ ማን ይነግረዋል? ከቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው የሚፋጀውን፣ በቅል የሚጠጣውን፣ አያቶች ማለዳ ሳይጠጡ ደጅ የማይወጡለትን? ጎደሬ በማር ማን አቀረበለት? እኛ ለእንግዳ የራሳችንን ምግብ ማቅረብ ያሳፍረናል። ጎደሬውን ጓዳ ደብቀን ፓስታ እናወጣለን።

ስብሰባዎቹንም እናንሳ። በአንዱ ተገኝቼ ነበር፤ የማን እንደሆነ ይቅር። ርዕሱ «የቱሪዝም አቅማችንን ማልማት» ነው። አንዱ ተናጋሪ ተነስቶ ጫካው ዳር ሎጅ እንዲሠራ፣ ሎጁ የመዋኛ ገንዳ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። ለገንዳው ቦታ ዛፍ ይነሳል። ተጨበጨበ። እንግዲህ ሰውየው ሰው ጫካ ለማየት ይመጣል፣ ለዚህም ጫካው ይቆረጣል፣ በምትኩ የሚቀርብለት ቢሾፍቱ ያለው ውሃ ነው እያለ ነው። እጄን አውጥቼ ይህንኑ ስናገር «ወንድማችን ስሜታዊ ሆነዋል» ተባልኩ። ሆኛለሁ! ከጎረቤታችን ጎደሬ ከ3 ሺህ ሄክታር በላይ ጫካ ለሻይ እርሻ ተሰጥቶ ሕዝቡ ሲጮህ፣ እስከ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጽሕፈት ቤት ድረስ አቤት ሲል የነበረበትን ጊዜ የማይረሳ ሰው፣ ስለ ጫካ ሲወራ ስሜታዊ ይሆናል።

መንግሥት ምንም አልሠራም አልልም፤ ዓይን አለኝ። ክልላችን በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልል መቀመጫ ተብለዋል። ዳውሮ ላይ ሀላላ ኬላ ተሠርቷል፤ ያማረ ነው፣ ድንጋዩም የአገሩ ነው። ግን የት ነው የተሠራው? የጊቤ ሦስት ግድብ ያቆረው ሐይቅ ዳር! ውሃ ባይኖር ወደ እኛ ክልል የሚመጣ ሪዞርት ባልነበረ ያሰኛል። በአንጻሩ ኮንታ ላይ ለጨበራ ጩርጩራ ዝሆኖች ተብሎ የተሠራውን ሎጅ ባርኬዋለሁ፤ እዚያ ቢያንስ ሰው ሊያየው የመጣው ነገር ቆዳና ኩንቢ አለው። ቦንጋም የብሔራዊ የቡና ሙዚየም ሕንፃ አላት፣ ማንኪራም እናት ቡናውን ይዞ አለ። እኔ ሌላ ሕንፃ አልጠየቅኩም። እንዲያውም ሕንፃ ይቅርብን ነው የምለው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነም ይመስለኛል ጨረታ የማይወጣለት። በጫካው ውስጥ ሰው የማይወድቅበት የእግር መንገድ። በሰፈሩ ውስጥ ንጹሕ አንሶላና ንጹሕ ሽንት ቤት ያላቸው አሥር ቤቶች፤ ሽንት ቤቱን ሁለቴ አስምሩበት። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚያስመርቃቸው ልጆች አሉ፤ ከእነሱ መሀል ሃያ ያህሉ የዛፉን ስም በሸክኛ፣ በመዠንግርኛና በሸኮኛ ከሽማግሌ ይማሩና ያስጎብኙ። እዚሁ ቴፒ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በር ለእንግዳ በሳምንት ሁለት ቀን ይከፈት፤ ቁንዶ በርበሬውም ቀረፋውም ሄሉም እርዱም እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፣ የአክስቴ ልጅ በዶላር ያየው ሁሉ። ገንዘቡ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም፣ ቀፎው ለተሰቀለበት ኮቦ ባለቤት ይድረስ። ከማር የሚያገኘው ላይ የእንግዳ ብር የተጨመረለት ሰው ዛፉን ለጣውላ ነጋዴ አይሸጥም። ዛፉ ቆሞ ካላበላው ግን ወድቆ ያበላዋል፤ ልጆቹን የሚያስተምረው እኔ አይደለሁም፣ ልፈርድበት አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም እንዳይዋሽላችሁ እኔው ልንገራችሁ። ስትመጡ ጭቃ አለ። ነጭ ጫማ ይዛችሁ አትምጡ፤ ቦቲ ነው የሚያስፈልገው። ወባ አለ፤ ያለ አጎበር አትተኙ። መብራት ይጠፋል። ሰላም አጥተን የከረምንባቸው ወራትም ነበሩ፤ ከቴፒ የሚሰማው ዜና ግጭት ብቻ የነበረበትን ጊዜ አልክድም፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ እኛም የከተማችንን ሰላም ሳንጠብቅ እንግዳ የመጥራት መብት የለንም። ዝንጅብላችንን በ2004 ዓ.ም. የገባው የአጠውላጊ በሽታ ካወደመው በኋላ ስንቱ ቤት ኪሱ እንደተራቆተ የሚያውቅ፣ ጠቡ ሁሉ ከዘር እንዳልመጣ ያውቃል። ባዶ ኪስ ቶሎ ይቆጣል።

እና ምረጡ ብትሉኝ፣ ጊዜውን እኔ እመርጥላችኋለሁ። ጥቅምትና ኅዳር አትምጡ አልልም፤ እሸት ቡናው ቀልቶ ያምራል፣ ለቀማውም ድግስ ነው። የእኔ ጊዜ ግን የካቲት መጨረሻ፣ መጋቢት መጀመሪያ ነው። ደረቁ ወቅት ቡናውን አስጠምቶት፣ ቅጠሉ ተጨማዶ፣ «ዘንድሮስ አለቀልን» በተባለበት ሰሞን አንድ ሌሊት ይዘንባል። ከዚያ ሳምንት ያህል ትጠብቃላችሁ። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ ጫካው ውስጥ በረዶ የጣለ ይመስላል። እያንዳንዱ የቡና ቅርንጫፍ ከግንድ እስከ ጫፍ ነጭ አበባ ለብሷል። ሽታው ጽጌ ረዳ አይደለም፣ ከዚያ ይቀላል፣ ጉሮሮ ድረስ ይገባል፤ ከተማው ሁሉ፣ መናኸሪያው ሳይቀር፣ የናፍጣው ሽታ ሳይቀር፣ ይሸነፋል። ንቦቹ ያብዳሉ። በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል፣ ያልነበረ ይሆናል። ጃፓኖች የቼሪ አበባቸው የሚፈነዳበትን ቀን በዜና እየተከታተሉ፣ ምንጣፍ ይዘው ወጥተው ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ያን ለማየት ዓለም አውሮፕላን ይሞላል። የእኛ አበባ ግን ሲረግፍ የሚያየው ጉሬዛ ነው።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለ። ከዛንዚባር የገዛልኝን ቅመም በሰው እንደሚልክልኝ ነገረኝ፤ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ። አመሰገንኩት፣ ምን እላለሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያልከኝን ለባለቤቴ ነገርኳት፤ መጥተን እንይ አለች። አበባው መቼ ነው የሚወጣው? ቀኑን ንገረኝና ፈቃድ ልሙላ» አለ።

«ቀኑን ዝናቡን ጠይቀው» አልኩት።

«እንዴ፣ እንደሱ ከሆነ እንዴት ነው ፕሮግራም የሚያዘው?»

እናቴ ከማድ ቤት ሰምታለች ለካ። «እናንተ! ማን ነው እሱ? ሙሽራው ነው?» አለች፣ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ብቅ ብላ። «ይምጣ፣ ደግ! ግን ቁንዶ በርበሬዬን በዶላር ነው የማሳየው በለው።»